ቀርከሃው ያበበበት ዓመት

ቀርከሃ እሳት ሲነካው ዝም ብሎ አይነድም፣ ይጮኻል። በአንጓና በአንጓው መካከል የታፈነው አየር ሙቀቱ ሲበዛበት ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ይከተለዋል፣ ጫካው በሙሉ ሲቃጠልማ ጦርነት የተነሣ ነው የሚመስለው። በእነዚህ የቅርብ ዓመታት አሶሳ ውስጥ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው መጀመሪያ ልጁን ወደ ቤት ይጎትታል፣ በሩን ይዘጋል፣ ጭሱን ካየ በኋላ ነው «ቀርከሃ ነው እኮ» እየተባባለ የሚስቀው፤ ሳቁም ከአንገት በላይ ነው። እኔም እንደ ሰዉ እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤው ሲያልፍ ግን የሚመጣብኝ ሌላ ነው፤ ሽፋን የሌለው አንድ የልጆች መጽሐፍ፣ ሐዋ የምትባል ጓደኛዬ፣ ሁለቱ አባቶቻችን ተያይዘው ከቤት የወጡበት ያ በጋ።

ያደግሁት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስም በሌላት መንደር ነው። ስም ባይኖራትም ቁጥር ነበራት። በደርግ ዘመን ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች በመኪና ተጭነው መጥተው የሰፈሩባቸው መንደሮች በቁጥር ነበር የሚጠሩት፤ ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲባል ቁጥር ይናገራል፣ ማንም አይስቅበትም። አባቴ ሰይድ ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሕፃን ነበር። ስለ ወሎ የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ብቻ ሲሆን፣ ስለ ቀርከሃ የሚያውቀውን ሁሉ ግን የተማረው ከመንደራችን ማዶ ይኖር ከነበረው ከኸሚስ ነው። ኸሚስ የበርታ ሰው ነው፣ ከአባቴ ጋር አብረው አድገዋል። ጫካው የኸሚስ ቤተሰብ ይዞታ ላይ ስለነበር ሁለቱ አብረው ይቆርጡ ነበር፣ አባቴ ወንበርና አልጋ ይሠራበታል፣ ኸሚስ ቅርጫትና ለአጥር የሚዘረጋ ጥልፍልፍ ይሠራል፣ የሠሩትንም መንገድ ዳር ደርድረው ለሚያልፈው አይሱዙ ሁሉ ይሸጡ ነበር። የምንበላው ከዚያ ነው። የቤታችን ግድግዳ፣ አጥራችን፣ እኔ የምተኛበት አልጋ፣ ሁሉም ቀርከሃ ነበር።

በኸሚስ ቤት የማይጣስ አንድ ሕግ ነበር፤ እንግዳ ሳይቀምስ የቤቱ ሰው እጁን ወደ ሳህን አይሰድም። የማሽላው ገንፎ ከባሚያ ወጡ ጋር ቀርቦ፣ እንፋሎቱ ፊታችን ላይ እየወጣ፣ እኛ ልጆች ምራቃችንን እየዋጥን ሳለ፣ ኸሚስ ወደ አባቴ ዞሮ «እንግዳ ይቅደም» ይል ነበር። አባቴ ጥርሱን የነቀለው እዚያው ምድር ላይ ነውና ይህ ነገር በየጊዜው ያስኮርፈው ነበር። «እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ጨርቅ ነው ይባላል፤ እኔ ስንተኛ ቀኔ ነው ኸሚስ?» እያለ ያጉረመርማል፣ ኸሚስ ይስቃል፣ ግን አባቴ እስኪጎርስ ድረስ እጁን ከጉልበቱ ላይ አያነሣም። እኔም የእንግዳ ልጅ በመሆኔ ከሐዋ በፊት እጎርስ ነበር። ሐዋ የኸሚስ ልጅ ናት፣ እኩያዬና የክፍል ጓደኛዬ፤ ገንፎ በጣም ትወድ ነበር፣ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ቀድማኝ ስትጎርስ አላየኋትም።

መጽሐፉ የመጣው በክረምት ነው። የኛ አገር ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ ከጀመረ ሰማዩ ወርዶ ጣራው ላይ የተቀመጠ እስኪመስል ይዘንባል፣ መንገዱ መኪና ይውጣል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ከቤቱ ተጣብቆ ይከርማል። የእናቴ ወንድም አይሱዙ ይነዳ ነበርና፣ አንድ ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞበት እኛ ቤት ሲጠለል፣ ተሳፋሪ ጋቢና ውስጥ ረስቶት የወረደውን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ገባ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም አልነበሩም፣ ስለዚህ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። አጎቴ ለባለ ሱቁ ለስኳር መጠቅለያ ሊሰጠው ነበር ያሰበው። ከእጁ ነጠቅሁት ብል ይቀላል።

ከውጭ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ታሪክ ነበር። ሚሬላ የምትባል ልጅ አለች፤ በሰፈሯ አጠገብ ባለው ነጭ ጫካ ውስጥ አንድ የአስማት ትምህርት ቤት አለ፣ ጫካው ግን በሰው ዕድሜ አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው፣ ካላበበም የትምህርት ቤቱ በር አይታይም። ሲያብብ ከአበባው ሥር የቆመ ልጅ ሁሉ ሳይሆን፣ የሚሰማ ልጅ ብቻ ደወል ይሰማል። ሰምቶ የገባ ልጅ የተቀደደ ጥላ መስፋት ይማራል፣ ከነፋስ ጋር መደራደር ይማራል፣ የሚያስተምሩትም ሰኞ ሕፃን ሆነው መጥተው ዓርብ ላይ ሽበታም የሚሆኑ አንድ መምህር ናቸው፤ እሑድ ይሞታሉ፣ ሰኞ እንደገና ሕፃን ሆነው ክፍል ይገባሉ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን የደወሉን ሕግ ነው። ደወሉን የሰማ ልጅ ሩቅ የሄደ ሰው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ሰው የትም ቢሆን መንገዱ ይከፈትለትና ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአንድ ቀን አንድ ስም ብቻ ነው የሚጠራው፤ ሁለት የጠራ ልጅ ሁለቱንም ያጣል።

ይህን መጽሐፍ አላነበብኩትም፣ በላሁት። ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ፣ ከዚያም መሐሉን ገልጬ፣ ከዚያም ከኋላ ወደ ፊት። ያልገባኝ ነገር ሲመጣ ከደራሲው ጋር እጣላ ነበር፤ እነዚያ ሁሉ ልጆች ሲማሩ ማን ያበስልላቸዋል፣ ለምን አንዳቸውም ወባ አይዛቸውም፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አልጋ ተሰጥቷቸው እያለ ሂዱና ተኙ ሲባሉ ለምን ያኮርፋሉ እያልኩ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን አንድ ነገር ነበር። ደወሉ ሲደወል ልጁን ከነመንደሩ ስም ይጠራዋል ይላል። የኛ መንደር ስም የላትም። ቁጥር የሚጠራ ደወል መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፣ ይህም እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አስማት የሚለው ቃል ጆሮዋ የገባ ዕለት ግን መጽሐፉን ከእጄ ቀምታ «ድግምት ቤቴ አይገባም!» ብላ ጣራው ሥር ወተፈችው። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻም ክፉ ነገር እንደሌለበት እንድታውቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብላት ተስማማች። እህል እየለቀመች ማዳመጥ ጀመረች፣ ጥቂት ገጾች እንደሄድን ለቀማውን ተወች፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ራሷ መጽሐፉን አውርዳ «ያች ልጅ ከነፋሱ ጋር ምን ተባባለች? አንብቢልኝ እስቲ» አለችኝ። ድግምቱ እሷንም ያዛት እያለ አባቴ ሲያበሽቃት ከረመ።

ለሐዋም ያነበብኩላት በዚያው ክረምት ነው። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ ስታነብ ትደክም ነበር፣ ስታዳምጥ ግን አትደክምም፤ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ትቀመጣለች። ሚሬላ የሚለው ስም አፏ ላይ አልመች ስላላት መርየም ብላ ሰየመቻት፣ እኔም ከዚያ በኋላ መርየም እያልኩ አነብ ነበር። ስለ መንደር ስም ጭንቀቴን ስነግራት ሳቀችብኝ። ቦታው ቁጥር ሳይሰጠው በፊት በበርታ ቋንቋ ስም እንዳለው፣ ቤታቸው ውስጥ ዛሬም በዚያ ስም እንደሚጠሩት ነገረችኝ። እዚያ ተወልጄ እዚያ አድጌ ማንም አልነገረኝም ነበር። ያን ቀን ስሙን ለብቻዬ እየደጋገምኩ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አሁንስ ደወሉ ያገኘኛል ብዬ ነበር።

ዝናቡ ቆሞ፣ ሣሩ ቁመት አውጥቶ፣ ማሽላው ራስ መያዝ በጀመረበት ሰሞን ቀርከሃው አበበ።

አበባ ከተባለ ነው። በየአንጓው ላይ እንደ ጃርት የቆመ ድብልብል ነገር አወጣ፣ ከድብልብሉ ውስጥ ቀጫጭን ቢጫ ክሮች ተንጠለጠሉ። አንድ ዘንግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ግን ከመንደራችን ማዶ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ከወንዙም ማዶ፣ የተነጋገረ ይመስል ጫካው በሙሉ በአንድ ሰሞን አበበ። ቀርከሃ ሲያብብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ አባቴም አላየም፣ አየሁ የሚል ሰው አልነበረም። እኔና ሐዋ ግን ምን እንደሆነ አወቅን። መጽሐፉን በደረቴ አቅፌ፣ እየጮህኩ፣ በደስታ እየዘለልኩ ጫካው ውስጥ ስሮጥ፣ አባቴና ኸሚስ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ቆመው አገኘኋቸው፤ አባቴ አበባውን መዳፉ ላይ ይዞ ያገላብጥ ነበር፣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ስላልወደድኩት መዝለሌን ተውኩ።

የሐዋ አያት ከእናታቸው የሰሙትን የዚያን ዕለት ለሁሉም ተናገሩ፤ ቀርከሃ ካበበ ይሞታል። አንዱ አይቀርም፣ ሁሉም ይሞታል። ይህን ብለው ጀርባቸውን ለጫካው ሰጥተው ተቀመጡ፣ ከዚያ ቀን በኋላም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው አላየኋቸውም።

ቀስ እያለ ደረሰ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ዘንጉ ገረጣ፣ የተቆረጠውም ጉልበት አልነበረውም፣ ሲያጎብጡት ይሰነጠቃል። አባቴ ከደህናው ይበልጥ ደህና የመሰለውን እየመረጠ ሲሠራ ቆየ። አንድ ቀን ግን የጥንት ደንበኛው የሆነ ሹፌር መኪናውን አቁሞ፣ ከሥሩ የተሰበረበትን ወንበር አውርዶ እግሩ ሥር አስቀመጠለትና፣ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም አዝኖ «ሰይድ፣ እጅህን ምን ነካው?» አለው። አባቴ ወንበሩን አንሥቶ ጓሮ ወሰደው፣ የዚያን ዕለትም መጋዙን አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰቀለው።

ጥር ላይ ሁለቱ ወደ ኩርሙክ አቅጣጫ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ቆላ ሊሄዱ ተስማሙ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ አባቴ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም፣ ኸሚስም ከልጅነቱ ወዲህ አልቆፈረም። እናቴ ሌላውን ሁሉ ብትችል ዝናቡን ፈራች። ወርቅ የሚቆፈርበት ጉድጓድ በበጋ ሰውን ይችላል፣ አፈሩ ውኃ ከጠጣ ግን ከላይ ይደረመሳል፤ ይህን የማያውቅ በኛ አገር የለም፣ በየዓመቱ ከአንዱ መንደር ለቅሶ ይሰማል። አባቴ ሲወጣ እኔን ከመሬት አንሥቶ ዓይኔን እያየ «አብሽሪ፣ ዝናብ ሳይጥል እመጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሰማይ ማየት ሆነ።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔና ሐዋ መጽሐፉን ይዘን የደረቀው ጫካ ውስጥ እንገባ ነበር። አሁን ጨዋታ አልነበረም። ከአበባው ሥር ቆመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ደወል እንጠብቃለን። ነፋስ ሲመጣ ዘንጎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ሲጥ ይላሉ፣ የደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይመጣል፤ ደወል ግን የለም። እኔ ቶሎ ተስፋ እቆርጥና መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ የተሳሳትነው የት ላይ ነው እያልኩ የደወሉን ሕግ እንደገና አነባለሁ። ሐዋ ጨፍና ትቆማለች። «ቆይ፣ ይመጣል» ትለኝ ነበር፣ እንደ ትልቅ ሰው። መጀመሪያ የሰማች የራሷን አባት ትጠራለች፣ በማግሥቱ የሌላዋን ትጠራለች የሚል ስምምነት በመካከላችን አልነበረም፤ ግን ምን ስምምነት ያስፈልገዋል፣ ማንም ልጅ የራሱን አባት ነው የሚያስቀድመው ብዬ ነበር የማስበው።

ሙቀቱ በበረታበት በመጋቢት መጨረሻ ወባ ጣለኝ። በላብ ተነክሬ፣ እናቴ የረጠበ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እየለዋወጠች ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐዋ እየሮጠች ገባች። ያን ድብልብል አበባ ጨብጣለች፣ እጇ ተጫጭሯል። አልጋዬ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጆሮዬ «ደወል ሰማሁ» አለችኝ።

«ጠራሽ?» አልኳት።

«ጠራሁ።»

ማንን እንደጠራች ጠየቅኋት። ቀና ብላ እናቴን አየች፣ እናቴ ጨርቁን እየጨመቀች ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ «ይመጣል፣ አንቺ አታልቅሺ» አለችኝ፣ አበባውን ትራሴ ሥር አድርጋ ወጣች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደወሉ ያልተሰማኝ፣ ሐዋ ስሟን ብትነግረኝም መንደሬ አሁንም ቁጥር ስለሆነች እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ነገ ደግሞ ተመልሳ የኔን ትጠራልኝ ይሆን ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ፣ በትኩሳቱ መሐል በጓደኛዬ እንደቀናሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ያን ድምፅ ሰማሁ። ጧ። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። በኛ አገር በበጋ ሣር ማቃጠል የተለመደ ነው፣ አዲስ ሣር እንዲበቅል፣ አውሬም እንዲሸሽ፤ በሌላው ዓመት እሳቱ እርጥብ ቀርከሃ ሲደርስ ያፍርና ይመለሳል። ያን ዓመት ጫካው ሁሉ የተከመረ ማገዶ ነበር። እናቴ ተሸክማኝ ወደ ደጅ ስትወጣ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ ይንቦገቦግ ነበር፣ ሰማዩ ጠቁሮ አመድ እንደ ዝናብ ይወርድብን ነበር። ማዶ ግርግር አየሁ። ኋላ እንደነገሩን፣ ሐዋ ወደ እሳቱ ሮጣ ልትገባ ስትል ሴቶች ናቸው ይዘው ያስቀሯት፤ እየተንፈራገጠች «ዛሬ ነው፣ ዛሬ ነው» እያለች ትጮህ ነበር አሉ። ልጅ ናት፣ እሳቱ አስደንግጧት ነው ብለው ውኃ ረጩባት።

ማንጎ ደረሰ። በኛ አገር ማንጎ ሲደርስ ሰው ሁሉ ደስተኛ ነው፣ መንገዱ በሙሉ ቢጫ ይሆናል፣ ልጆች እስከ ክርናችን እንጨማለቃለን። ያን ዓመት ማንጎውን የበላሁት ሰማይ እያየሁ ነው። ዝናቡ ከልማዱ ቀድሞ መጣ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እናቴ የያዘችውን ዕቃ ለቀቀችው፣ ከእጇ ወድቆ ሲንከባለል እንኳ አላየችውም። በሚቀጥለውም ቀን ዘነበ፣ በሚቀጥለውም። እናቴ መብላት አቆመች፣ ጎረቤት «ሰው ይዘገያል እኮ» እያለ መመላለስ ጀመረ፣ ይህን ሲሉ ደግሞ ዓይናችንን አያዩም ነበር።

አባቴ የመጣው ማንጎ ሊጭን በሚወርድ መኪና ነው። ከጋቢናው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት፣ ሮጥኩ፤ እሱ ግን ወደኔ አልመጣም። ከላይ እስከ ታች ቀይ አፈር ነበር፣ በእጁ የኸሚስን ነጭ ቆብ ይዞ፣ መንደራችንን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ኸሚስ ቤት ሄደ። ዘልቆ እስኪገባ ድረስ ጸጥታ ነበር። ከዚያ የሐዋ እናት ጩኸት ተሰማ።

የነገረን እንዲህ ነው። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሲቆፍሩ ቆይተው፣ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ደርሷል ተብሎ ከላይ ተጠሩ። መውጫው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስወጣው። አባቴ ውጣ ሲለው ኸሚስ እንደ ልማዱ ሳቀና «እንግዳ ይቅደም» አለው። አባቴ ወጣ። እጁን ታጥቦ፣ ወደ ሳህኑ ዘርግቶ፣ ገና ሳይጎርስ ምድሩ ከኋላው ሰመጠ። ሰው ሁሉ በእጁ ሳይቀር ሲቆፍር ዋለ፣ አደረ፤ ያገኙት ሕይወቱ ካለፈች በኋላ ነው፣ እዚያው ቀበሩት።

እኔ አባቴ በመምጣቱ የተሰማኝን ደስታ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ለቅሶው ቤት ገብቼ ሐዋ አጠገብ ስቀመጥ፣ ሳቅ እንዳያመልጠኝ የፈራሁ ያህል ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከሕመም አይሻልም። ለእሷ የምለው ቢጠፋኝ በሹክሹክታ «መጽሐፉ ውሸት ነው» አልኳት። አባቷን ጠርታው አልመጣም፣ ታዲያ ውሸት ካልሆነ ምንድን ነው? ሐዋ «ውሸት አይደለም» አለች፣ ከዚያም መጽሐፉን እንድሰጣት ለመነችኝ። ምን ያደርግላታል ብዬ ሳልጠይቅ አምጥቼ ሰጠኋት። ክረምቱ ሳይጠና አጎቶቿ መጥተው እናቷንና አያቷን፣ እሷንም ጭምር ወደ መንጌ ወሰዷቸው፤ መኪናው ላይ ሆና መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ እንደያዘችው ነው ያየኋት።

በዚያ ክረምት ከአመዱ ውስጥ፣ ከረገፈው ዘር፣ እንደ ሣር የቀጠነ ቀርከሃ በቀለ። አባቴ እስኪያድግ አልጠበቀውም፤ ወደ አሶሳ ገብተን እሱም ዘበኛ ሆነ፣ መጋዙን ከዚያ በኋላ ከጨርቁ ሲፈታው አላየሁም። አንድ ልማድ ግን ይዞ ቀረ። ማዕድ ሲቀርብ እጁን አይዘረጋም። እናቴ እስክትጎርስ፣ እኔ እስክጎርስ፣ እንግዳ ካለም እንግዳው እስኪጎርስ ይጠብቃል፤ ሁላችንም እሱን ስንጠብቅ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ይደርቃል። በጉርምስና ዕድሜዬ ይህ ነገር ያበሳጨኝ ነበር። «ብላ እንጂ አባዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንጠብቅህ?» እያልኩ እጨቀጭቀው ነበር። እሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ አይጎርስም።

አሁን እኔ አሶሳ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት አዲስ ተማሪ ክፍሌ ገባች፣ ትምህርት ሳይሆን ጠረጴዛ ሥር የደበቀችውን ነገር ታነባለች፤ ቀስ ብዬ ሄጄ ከእጇ ስቀበላት ሽፋን የሌለው፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ላስቲክ ውስጥ የኖረ መጽሐፍ ነው። ልጅቷ ትቀማኛለች ብላ እንባዋ መጣ። «መርየም ደወሉን ሰማች?» ብዬ ብጠይቃት አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያው ቀን ከእሷ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

እናቷ ሐዋ ገበያ ውስጥ ባሚያና ቃሪያ ትሸጣለች፣ ቤቷ ትንሽ ናት፣ ንጹሕ ናት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የዓመታቱ ሁሉ ወጣልን። ገንፎ ቀረበ፣ ገና ሳልጠየቅ ልጅቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኝ ጀመር። ያኔ ነው ሐዋ አባቴ በሕይወት እንዳለ የጠየቀችኝ። አለ አልኳት፣ ዕድሜው ሳይደርስ አርጅቷል፣ ግን አለ። ፊቷ በራ፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለችኝ።

«ያን ቀን የጠራሁት ያንቺን አባት ነው። እናትሽ ታለቅስ ነበር። እንግዳ ይቀድማል ብዬ፣ ያንቺን አባት አስቀደምኩ። የኔን ነገ ልጠራው ነበር።»

ያንን «ዛሬ ነው» የሚል ጩኸቷን አሰብኩ። እሷ ግን «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ጎረስኩ። ልጅቷም ጎረሰች።

የአስማት ትምህርት ቤት እንደሌለ አውቃለሁ፣ ኸሚስን የገደለው ዝናብና ድህነት እንጂ የአንዲት ልጅ ተራ አጠባበቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሐዋም ነግሬያታለሁ፣ አዎ ትለኛለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች። ደግሞም አሁን አሁን በዚህ ከተማ ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ኋላ መጣ እየተባለ ሰው ከሰው ሲጣላ እሰማለሁ፤ ኋላ የመጣውን ማስቀደም በአንድ ቤት ውስጥ ሕግ እንደነበር ብናገር ማን ያምነኛል እያልኩ ዝም እላለሁ። ለአባቴም ሐዋ ያለችኝን አልነገርኩትም፣ የሚሸከመው ይበቃዋል። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልጨቀጭቀውም። ያኔ ብላ እንጂ እያልኩ እጄን ሰብስቤ እጠብቀው ነበር፤ አሁን ማዕዱ ገና እንደቀረበ፣ እሱ መብላት እንዲችል፣ እኔ ቀድሜ እጎርሳለሁ።